ሳጥን የነበረው ጊታር

ሰይዶ የሚስቱን ሳጥን ያፈረሰው እሷ ለቅሶ በሄደች በሦስተኛው ቀን ነው። ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ሰው እስኪተኛ ይጠብቃል። ሰይዶ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ልብሷን አንድ ባንድ አውጥቶ በአንሶላ ቋጠረና መሮውን አነሣ። አራቱ ጎኖች፣ ወለሉና ክዳኑ ተለያይተው ግድግዳው ሥር ሲደረደሩ፣ ከመንገዱ ማዶ የስፌት መኪናው ፊት የተቀመጠው ልብስ ሰፊው አብዶ እግሩን ከመርገጫው አነሣና፣

«ሰይዶ፣ ሃሊማን ፈታሃት እንዴ?» አለው።

«ሳጥኑን ነው የፈታሁት።»

«እሱማ ያው ነው፤ ቀኑ ነው የሚለያየው።»

ሰይዶ የሳጥኑን ክዳን ወደ ደረቱ አስጠግቶ በጣቱ አንኳኳው፤ ጆሮውን ደቀነ፤ ደግሞ አንኳኳው። ፊቱ ላይ የታየው ፈገግታ የመጀመሪያ ልጁ የተወለደ ቀን እንኳ አልታየም ይላል አብዶ። አብዶ ግን የሚያየውን ሁሉ አንድ ሦስተኛ ጨምሮ የሚሰፋ ሰው ነው።

ነገሩ የመጣው ከጊታር ነው። በ1964 ዓ.ም. መስከረም ላይ ለቡታጅራ ተማሪዎች አንድ አዲስ አስተማሪ ተመደበላቸው፤ ያረጋል የሚባል፣ ቀጠን ያለ፣ ፀጉሩን ያጎፈረ የጎጃም ልጅ። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ጊታሩን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስጫነ። ከላይ ደግሞ የጨው ጆንያ ተጫነበት። ቡታጅራ ደርሶ ሲያወርደው፣ ከጊታሩ ውስጥ ከዜማ ይልቅ ጨው የሚወጣ ሆነ። ደረቱ ተሰነጣጥቋል፣ ጀርባው ገብቷል፣ አንገቱ ተሰብሯል። በደህና የወጡት ክሮቹና መወጠሪያ ቁልፎቹ ብቻ ናቸው። ያረጋል ስብርባሪውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ አስከሬን እንደ ያዘ ሰው፣ አናጢ ብሎ ሲጠይቅ ወደ ሰይዶ ላኩት።

ሰይዶን ከተማው የሚያውቀው በአልጋና በበር ነው። ከዚያ በፊት ግን አዲስ አበባ አራዳ ላይ ሙሴ ሃጎፕ ለሚባል አርመን ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሃጎፕ ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ጊታር የሚጠግን፣ አልፎ አልፎም ከባዶ እንጨት ጊታር የሚሠራ ሰው ነበር። ሰይዶ እዚያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮላ አፈላ፣ እንጨት ላገ፣ አሸዋ ወረቀት ፈተገ። ደረቱን ከጎኑ ማጋጠምና ክር መወጠር ግን አንድ ቀን እንኳ አልተፈቀደለትም። እዚያ ላይ ሲደረስ ሃጎፕ፣ «በል አንተ ሂድ ሻይ ጠጣ» ይለዋል። ሰይዶ በዚያ ዘጠኝ ዓመት የጠጣው ሻይ ጢያ ድረስ ጅረት ይወጣዋል። አባቱ ሲሞቱ ወደ ቡታጅራ ተመለሰ፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመት አልጋና በር ሲሠራ፣ ያ ያልጠገበው ነገር ሆዱ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ነው።

ስለዚህ ያረጋል፣ «ጋሽ ሰይዶ፣ ይጠገናል?» ሲለው፣ ሰይዶ ስብርባሪውን አገላብጦ አየና፣

«ይሄን ማን ይጠግናል! አዲስ እሠራልሃለሁ» አለ።

«አዲስ? ጊታር? እዚህ?»

«እዚህ ምን ሆነ? ቡታጅራ እንጨት አይበቅልም ያለህ ማነው?»

እንጨቱስ ይበቅላል። ችግሩ፣ የሚሸጠው ጣውላ ሁሉ እርጥብ ነው። በእርጥብ ጣውላ በር ቢሠሩ በሩ ሲጣመም ባለቤቱ በትከሻው ገፍቶ ይዘጋዋል። ጊታርን ማን በትከሻው ይገፋዋል? ደርቆ ያለቀለት እንጨት ያስፈልጋል፤ ደርቆ ያለቀለት እንጨት ደግሞ ያለው በሰው ቤት ዕቃ ውስጥ ነው። ሰይዶ ሰው ቤት በገባ ቁጥር ማንኳኳት ጀመረ። እንግድነት ተጠርቶ የተቀመጠበትን ወንበር ያንኳኳል፤ የታመመ ሊጠይቅ ገብቶ በሽተኛው የተኛበትን አልጋ ራስጌ ያንኳኳል። ሰፈሩ ሰይዶ ሲመጣ በርጩማውን መደበቅ ያዘ።

ቢሆንም ቀስ በቀስ ሞላለት። ለጀርባና ለጎን የሚሆን ዋንዛ ከአንዲት ባልቴት የተሰበረ አልጋ አገኘ። ለአንገቱ የአሮጌ መስኮት ቋሚ፣ ጣት ለሚሄድበት ለአንገቱ ፊት ደግሞ የተሰነጠቀ የወይራ ዘነዘና። አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛም ባለ ቆዳ ወንበራቸውን ሰጡት፤ የወንበሩ እግር ነቅዞ ስለ ነበር ምንም አልረባውም፣ ከነሚስማሩ ጥግ ላይ ወረወረው። ዋንዛውን በጋለ ቧንቧ ላይ እያጠፈ ጎኑን የሴት ወገብ አስመሰለው። ያረጋል ዓርብ ዓርብ፣ በገበያ ቀን፣ እየመጣ ያያል፤ አይቶም፣ «እግዜር ያውቃል፣ ሊሆን ነው መሰለኝ» ይላል።

የቀረው ደረቱ ነው። የጊታር ድምፅ ያለው ደግሞ ደረቱ ላይ ነው። እሱ ቀላል፣ የውስጥ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለው፣ ከሁሉም በላይ የደረቀ መሆን አለበት። ሰይዶ የከተማውን ወንበር ሁሉ አንኳኩቶ ሲመለስ፣ አንድ ቀን ማታ ጫማውን ለማውለቅ የሃሊማን ሳጥን ተደገፈ። ሳጥኑ ዱም አለ።

አርባ ዓመት የሞላው ዝግባ ነው። የሃሊማ አባት ሊያገባ ሲል በእጁ የሠራው፤ ሃያ ስምንት ዓመት በሰይዶ አማት በእማ ሳሌሃ ጎጆ ውስጥ ጢስ ሲጠጣ ኖሮ፣ ሃሊማ ስትዳር አብሯት የመጣ። ክዳኑ አንድ ወጥ ጣውላ ነው፤ ዛሬ እንዲህ የሚሰፋ ዝግባ የት ይገኛል? ሰይዶ ሁለት ሳምንት ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ሃሊማ ለአጎቷ ለቅሶ ወደ ገጠር ሄደች።

በስድስተኛው ቀን ስትመለስ ክዳኑ በመላጊያ ስስቶ፣ በጊታር ቅርጽ ተቆርጦ፣ መሐሉ በክብ ተበስቶ ነበር። ሃሊማ በአንሶላ የተቋጠረ ልብሷን አየች፤ ሳጥኑ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች፤ ባሏን አየች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ሳጥኔስ?»

«ሃሊማዬ፣ ተቀመጪና ላስረዳሽ።»

«ምን ላይ ልቀመጥ? ሳጥኔ ላይ ነበር የምቀመጠው።»

አስረዳት። ስለ ዝግባ፣ ስለ ሃጎፕ፣ ስለ ድምፅ። ሃሊማ ነጠላዋን አጥብቃ ሁሉንም ሰማችና፣

«አንተ ሰው፣ ጥሩ» አለች። «ከሁለት ወር በኋላ አረፋ ነው። እናቴ ትመጣለች። ወንድሜ ሙሀመድአወልም ከመርካቶ ይመጣል። እናቴ ከበር ስትገባ መጀመሪያ የምትቀመጠው ሳጥኗ አጠገብ ነው። ያን ቀን፣ ወይ ሳጥኑን፣ ወይ እሷ አይታ ‹ደግ አደረገ› የምትልለትን ነገር ታሳያታለህ። ሁለቱም ከሌለ ልብሴ ይኸው ተቋጥሯል፤ ቋጥረህ የጠበቅኸኝ አንተ ነህ።»

«አዲስ ሳጥን ብሠራላትስ?»

«ለእናቴ? በጨለማ በመዳፏ ትለየዋለች።»

ይህ ማስፈራሪያ ብቻ አልነበረም። እማ ሳሌሃ ታላቋን ልጃቸውን፣ ባሏ ሳይነግራት ላሟን ሸጠ ብለው ከትዳሯ አውጥተው ወስደዋታል፤ ሽማግሌ አራት ጊዜ ተመላልሶ፣ አምስተኛው ላይ ባልየው ላሟን ራሷን ፈልጎ ገዝቶ ነው የታረቁት። ሰይዶ ግን ሳጥኑን ከየት ፈልጎ ይገዛል? ስለዚህ ጊታሩ መሆን አለበት።

ኮላውን አፈላ። ኮላ ማፍላት እንኳ እንደ ሰይዶ የሚያውቅ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሌላ ምን ሠራ? የበሬ ቆዳ ቁርጥራጭ ዘፍዝፎ፣ በዝግታ አፍልቶ፣ አጥሎ፣ ማር አስመስሎ አወጣው። ደረቱን ከጎኑ ጋር አጋጠመ፤ በሞርሳና በገመድ ጠፍሮ ሁለት ቀን አቆየው። ዛሬ «ሂድ ሻይ ጠጣ» የሚለው የለማ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገመዱን ፈታ። ያምራል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲነካው የደረቱ ጠርዝ ጠ! ብሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ዙሪያውን፣ ለመብረር እንደ ተዘጋጀች ዶሮ ክንፍ፣ ተገነጠለ።

«ኮላው ነው» አለ ሰይዶ። «ቆዳው የሽማግሌ በሬ ነው።»

የወይፈን ቆዳ ፈልጎ እንደገና አፈላ። ሽታው ሦስት ቀን መንገዱን ዘጋው። የአብዶ ደንበኞች ቁመታቸውን ሳይለኩ አፍንጫቸውን ይዘው ሄዱ።

«ሰይዶ፣ ጎረቤት ነን» አለ አብዶ፤ «የምትቀቅለው ነገር ከሞተ ቅበረው፣ ካልሞተ ሐኪም ጥራለት።»

አጣበቀ፤ ጠፈረ፤ ጠበቀ፤ ፈታ። ተገነጠለ።

«አቧራው ነው» አለ። ከቤቱ ጋር የተያያዘውን መሥሪያ ሱቁን በሸራ ጋረደ። አጣበቀ፤ ሦስት ቀን ጠበቀ፤ ፈታ። ይህኛው ዋለ። አደረም። ሰይዶ ክሮቹ የሚታሰሩበትን ትንሽ የእንጨት ድልድይ ደረቱ ላይ ለጠፈ። ዓርብ ያረጋል ሲመጣ አንድ ላይ ክር ወጠሩ። አንደኛው ክር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ላይ ድልድዩ ከነክሮቹ ተነቅሎ የሰይዶን ከንፈር መታው። የደረቱም ጠርዝ አብሮ ተከፈተ።

ሰይዶ ደሙን በእጅጌው ጠረገ። ያረጋል አዘነለት። ደግነቱ ነው ያሳሳተው።

«ጋሽ ሰይዶ፣ ለምን በትንንሽ ሚስማር አናያይዘውም?»

«ምን?»

«ሚስማር። ትንንሽ—»

«ውጣ!»

«ኧረ ጋሼ—»

«ውጣ ከቤቴ! ጊታር ላይ ሚስማር! የዶሮ ቆጥ አደረግኸው? አንድ ልጅ ቫዮሊን ላይ ሚስማር ሲመታ ሃጎፕ ያየው ጊዜ መዶሻውን ነጥቆ በመስኮት ወረወረው፤ ልጁን ደግሞ በበሩ! እንጨት ከእንጨት ጋር ተጣብቆ አንድ ሥጋ ካልሆነ ድምፁ በምኑ ይሄዳል? አስተማሪ ነኝ ትላለህ ደግሞ!»

ያረጋል ወጣ። ከማዶ አብዶ፣ «መምህር፣ ይምጡ ቁልፍዎን ላጥብቅልዎት፤ ሮጠው ነው መሰለኝ ላልቷል» አለው።

አረፋ ሦስት ሳምንት ቀረው። ሃሊማ ከለቅሶ ከተመለሰች ወዲህ ከሰይዶ ጋር የምታወራው በልጆቹ በኩል ነው። «ለአባታችሁ ራቱ ደርሷል በሉት» ትላለች፣ ሰይዶ አጠገቧ ተቀምጦ። ልጆቹም ሰልችቷቸው፣ «ሰምቷል» ይላሉ።

በማግስቱ ሰይዶ የተገነጠለውን ደረት ጓሮ ፀሐይ ላይ አስደግፎ፣ ከፊቱ ቁጢጥ ብሎ ይረግመዋል። «ወላሂ እንዲህ ያለ እንጨት አይቼ አላውቅም፤ ምን በድዬሃለሁ፤ ጠላት ነው አንተን የተከለህ።» ሃሊማ ከእንሰቱ መሐል ቅጠል ቆርጣ ስትመጣ ድንገት ቆመች። ከዚያ ሳቀች። ከወር በላይ ያልሳቀች ሴት፣ ቅጠሉን ጥላ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ምንድነው?» አለ ሰይዶ ተቆጥቶ።

«ድመቷን እይ!»

የቤቱ ድመት ከደረቱ ጀርባ ዞራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንጨቱን እየላሰች ነው። ሰይዶ «ሂጅ!» አላት። ፈቀቅ ብላ ተመልሳ መጣች።

«ኮላው ሸቷት ነው» አለ።

«የምን ኮላ! ቅቤውን ነዋ!»

«የምን ቅቤ?»

ሃሊማ ሳቋን አቆመች። እውነቱን እንደ ሆነ አየች። «አንተ ሰው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ይሄ ቤት ውስጥ አልነበርክም? እናቴ አረፋ በመጣ ቁጥር ሳጥኑን ቅቤ አትቀባውም? ቦግ አድርጎ የሚያበራው ምን መሰለህ፣ የአባቴ ጸሎት?»

ሰይዶ ጣውላውን አነሣና በፀሐይ በኩል አዘነበለው። አሁን ሲያየው፣ ፀሐይ የመታው ገጽ እንደ ሰው ግንባር አልቦታል። ጣቱን አሳለፈበት፤ አሸተተው። ነው። አርባ ዓመት ቅቤ። ላዩን ልጎታል፤ ቅቤው ግን ላዩ ላይ ብቻ መች ቀረ! ኮላ ደግሞ ቅባት ላይ አይዝም፤ ይህን የሃጎፕ ጠረጴዛ ጠራጊ እንኳ ያውቃል። ለእማ ሳሌሃ ቅቤ ቀርቦ፣ ሳጥን ሲታሽ፣ ሰይዶ ራሱ ስንት ዓመት አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሥጋ በልቷል! የሌላ አገር አናጢ ቢሆን ሳጥን ላይ ቅቤ ሲያይ ይደነግጥ ነበር። እሱ ግን ዕቃ ቅቤ ሲቀባ እያየ ያደገ ነው፤ ቀን ለምን ይነጋል ብሎ ማን ይጠይቃል?

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ ጮኸባት።

«ሳጥኔን ስታፈርስ መች ጠየቅኸኝ!»

ሰይዶ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ። ሃሊማ ቅጠሏን ሰብስባ ልትገባ ስትል፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠችው፣

«ነጠላ ላይ ቅቤ ሲንጠባጠብ በቡላ ዱቄት ነው የምናወጣው» አለች። በልጆቹ በኩል ሳይሆን በቀጥታ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡላ ወደ ሰይዶ ሱቅ ፈሰሰ። ደረቱን ከፍም በላይ ያሞቀዋል፤ ቅቤው ሲያልበው የደረቀ የቡላ ዱቄት ይነሰንስበታል፤ ነጩ ዱቄት ቀስ ብሎ ቢጫ ይሆናል፤ ይጠርገዋል፤ እንደገና ያሞቃል። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ። ለአረፋ እንግዳ ገንፎ ተብሎ የተቀመጠው ቡላ ሲጋመስ ሃሊማ ጥርሷን ነክሳ ሰጠችው። ከግማሽ ሲያልፍ፣ «እናቴ ሳጥኗንም ገንፎዋንም አጣች ማለት ነው» አለች። አብዶ መጥቶ አየና፣ «ይሄ ጊታር ከእኔ ይበልጥ ይበላል» ብሎ ሄደ።

አረፋ አምስት ቀን ሲቀረው ቡላው ነጭ እንደ ሆነ መጠረግ ጀመረ። ሰይዶ የመጨረሻውን ኮላ አፈላ። ቢስሚላህ ብሎ አጣበቀ። ሦስት ቀን ሳይነካው ቆየ። ፈታ። ፀሐይ ላይ አወጣው፤ አልተነሣም። በጥፍሩ ሞከረው፤ ከዋንዛው ጋር አንድ ሆኗል። ሰይዶ ድልድዩን ለጠፈ። አረፋ በነገታው ነው።

የአረፋ ዕለት ጠዋት፣ ከሶላት መልስ፣ አዲሱን ጀለቢያውን እንደ ለበሰ ሱቁ ገብቶ ክር ወጠረ። ያረጋል ቂም የማይዝ ልጅ ነውና መጥቶ አጠገቡ ቆሟል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስት። ሰይዶ ያረጋልን ቀና ብሎ አየው፤ ዓይኑ ውኃ ሞልቷል። ስድስተኛውን ክር ሲያጠብቅ ድልድዩ ከሥሩ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሚያዛጋ አፍ፣ መከፈት ጀመረ።

«አይሆንም» አለ ሰይዶ። «አይሆንም፣ አይሆንም።»

ክሩን አላላ። ነገሩ ገባው። እማ ሳሌሃ ቅቤውን መዥረጥ አድርገው የሚያሳርፉት የክዳኑ መካከል ላይ ነው፤ ከዚያ ነው በመዳፍ ወደ ዳር የሚገፉት። ዳሩ ነጻ፤ መካከሉ ግን እስከ ጀርባው ቅቤ ነው። ድልድዩ ደግሞ የሚቀመጠው በትክክል እዚያ ላይ። አንድ ወር ቢኖረው፣ ሌላ ግማሽ ኩንታል ቡላ ቢኖረው ያወጣዋል። ከመንገዱ ጫፍ ግን አሁን ሙሀመድአወል በነጭ ልብስ፣ እናቱን ክንዳቸውን ደግፎ፣ ከአውቶቡስ መውረጃው ወደ ቤት እየመጣ ነው። ሃሊማ በሱቁ በር ብቅ ብላ ሰይዶን አየችው። ከትከሻዋ በላይ፣ እቤት ውስጥ፣ በአንሶላ የተቋጠረው ልብስ ይታያል።

ሰይዶ ጥግ ላይ ወደ ተጣለው የዳኛው ወንበር ሄደ። የቆዳውን ዙሪያ የያዙትን ባለ ቢጫ ራስ ሚስማሮች በጉጠት እየነቀለ መዳፉ ላይ ሰበሰበ። ያረጋል አይቶ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ይህን ማየት ነውር መሰለው። ሰይዶ ድልድዩን በአራት ሚስማር መታ። አራቱ ብቻቸውን ቁስል መሰሉበት፤ እንዲመሳሰል ብሎ የደረቱን ዙሪያ ሁሉ መታው። እያንዳንዱን ሲመታ ከንፈሩን ይነክሳል፤ አንዴ በአራዳ ቋንቋ፣ አንዴ በጉራጌኛ፣ አንዴም ሃጎፕ ሲናደድ በሚናገረው በአርመንኛ ይሳደባል።

ክሮቹ ያዙ።

እማ ሳሌሃ ግቢ ገብተው፣ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው፣ ልጃቸውን ስመው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስመው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ወደ ቤት ዘለቁ። ወዲያው ወጡ።

«ሃሊማ፣ ሳጥኔ የት ሄደ?»

ሰይዶ ጊታሩን በሁለት እጁ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ፊታቸው ቆመ። «እማዬ፣ ይኸውልዎት። ሳጥኑ ይሄ ነው። ሃሊማ አታውቅም፤ ሳትኖር ነው ያፈረስኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አሮጊቷ ጊታሩን ተቀበሉ። መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አሳለፉ፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ለረጅም ጊዜ አሸተቱት። ሙሀመድአወል ጉሮሮውን ጠረገ። አብዶ ከአጥሩ ውጭ አንገቱን አሰገገ።

«የእኔ ቅቤ ነው» አሉ እማ ሳሌሃ። «ምን ይሠራል ይሄ?»

ያረጋል ተቀበላቸውና ግቢው መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጦ መታው። መጀመሪያ እየፈራ፣ ኋላ እያሞቀው። ድምፁ ወጣ፤ ወፍራም፣ ጢስ ጢስ የሚል ድምፅ፤ የእንሰቱ ቅጠል ሥር ድረስ የሚገባ። የጎረቤት ልጃገረዶች ለአረፋ ጭፈራ ተሰብስበው ሲሄዱ አጥሩ ላይ ቆሙ፤ አንዷ አጨበጨበች፤ ሌሎቹ ተከተሏት፤ ወዲያው ግቢው ሞላ። ሙሀመድአወል ትከሻው አላርፍ አለው።

«ሃሊማ» አሉ እማ ሳሌሃ፤ «ባልሽ ቀበጥ ነው። የአባትሽን እጅ ሥራ ሳይጠይቅ ነካ። ግን እይ፤ ወርቅ በወርቅ አድርጎታል። አባትሽ ይሄን የሚያብረቀርቅ ቢያገኝ መች ይጠላ ነበር? ደግ አደረገ።» አንዱን የሚስማር ራስ በአውራ ጣታቸው አሻሹት።

ሃሊማ እቤት ገባች። የተቋጠረውን አንሶላ ፈትታ ልብሷን በግድግዳው ገመድ ላይ ስትዘረጋ ሰይዶ በበሩ በኩል አያት። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ግን ጆሮው ቆመ።

«ይሰማሃል?» አለው ያረጋልን፣ ዜማው ሲያርፍ ጠብቆ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ሦስተኛው ክር። ሚስማሩ ውስጥ ዝዝዝ ይላል።»

ያረጋል ሦስተኛውን ክር ነካ። አዳመጠ። «ኧረ ምንም የለውም። በጣም አሪፍ ነው እኮ።»

ሰይዶ አብዶን ጠራው። አብዶ ጆሮውን ደረቱ ላይ ደቅኖ፣ «የሚሰማኝ ቡላው ነው» አለ። ሃሊማ ከቤት ወጥታ ሥጋ በሳህን አቀረበችለት፤ እሷንም ጠየቃት። በሙሉ ልቧ አዳመጠችለት፤ ከኅዳር ወዲህ እንዲህ አጠገቡ ቆማ አታውቅም።

«አይሰማኝም» አለች። «ደስ አይልህም እንዴ? ሁሉም ወደዱት።»

«ደስ ይለኛል» አለ። ያረጋል እንደገና ጀመረ። ሦስተኛው ክር በተመታ ቁጥር የሰይዶ መንጋጋ ይጠብቃል። ሃጎፕ ቢሰማ፣ እንኳን በበሩ፣ በመስኮቱ ነበር የሚወረውረው።

ሙሀመድአወል ላቡን በነጭ መሐረብ እየጠረገ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሰይዶ፣ አንተ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብረህ! መርካቶ ውስጥ ጊታር የሚፈልግ ጎረምሳ እንደ አሸዋ ነው። ሦስት ሥራልኝ። እኔ ጋ ሱቅ ላይ እሰቅላቸዋለሁ።»

ሰይዶ ቀና አለ። «ሦስት? እንጨቱን ከየትም አመጣዋለሁ። ስድስት ወር ብትሰጠኝ፣ እውነተኛውን፣ አንድም ሚስማር ሳይነካው፣ በኮላ ብቻ—»

«የምን ያለ ሚስማር!» ሙሀመድአወል ደነገጠ። «ሰውን የሚጠራው እሱ አይደል! ያለ እሱማ ከሌላው በምን ይለያል? ከእናቴም ጋር እኮ ያስታረቀህ እሱ ነው። ስንት ነው ያለው?»

«ሠላሳ ስምንት» አለ ሰይዶ። እያንዳንዱን ያውቀዋል።

«አርባ አድርገው።»

ያረጋል ሦስተኛውን ክር መታ። ሰይዶ የቀዘቀዘውን ሥጋ ከነሳህኑ ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«እሺ» አለ።